ገጽ ሃያ ሰባት

«ጋሽ ገብረሚካኤል፣ እርስዎን ጡረታ ለማውጣት እኮ መጀመሪያ መቀጠር አለብዎት» አለች ምሥራቅ በመስኮቱ ቀዳዳ በኩል፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ዝቅ ያደረገችው ከኋላ የተሰለፉት እንዳይሰሙ ነበር። የተሰለፉት ሰባት ሰዎች ነበሩ፤ ሰባቱም ሰሙ። አንዱ «ውይ» አለ። ጋሽ ገብረሚካኤል በቦንጋ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት በጥበቃነት ቆመዋል። ምሥራቅ በዚህ የትምህርት ጽሕፈት ቤት የሰው ሀብት ክፍል ሳትቀጠር በፊት እዚያው ተማሪ ነበረች፤ ስታረፍድ በሩ ላይ ያስቆሟት የነበሩት እሳቸው ናቸው። እሷም አልካደችም። «እኔማ አውቃለሁ፤ ሁለት ቀን አስለቅሰውኛል። ግን የእኔ ማወቅ ማስረጃ አይሆንም» አለች። ደመወዝ በየወሩ ይከፈላቸው የለም ወይ ብትባል፣ ደመወዝ የሚከፍለው ፋይናንስ ነው፣ ቅጥር ግን እኛ ጋ ነው፣ እኛ ጋ ደግሞ ፋይል የለም አለች። ፋይሉ የጠፋው ጽሕፈት ቤቱ ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው ሲዛወር ነው። በሐምሌ ወር፣ ሸራ ባልለበሰ አይሱዙ። ስማቸው በ«ገ» የሚጀምር ሠራተኞች ከታች ተጭነው ስለነበር ውኃው እነሱ ላይ ተጠራቀመ። በ«ሀ» የሚጀምሩት እስከ ዛሬ ሁሉም በጊዜያቸው ጡረታ ወጥተዋል።

ልጃቸው ህይወት አጠገባቸው ቆማለች። እዚያው ትምህርት ቤት አማርኛ ታስተምራለች፤ ዘንድሮ ደግሞ የትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል መጽሔት አዘጋጅ ተደርጋ ስለተመረጠች፣ እጇ ላይ የተንጠለጠለው ቦርሳ በወረቀት አብጧል። ምሥራቅ ለጋሽ ገብረሚካኤል የምታዝነው በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ እንደሆነ፣ እምቢ የምትለው ግን በአማርኛ እንደሆነ ህይወት ልብ አለች። «ምን ባመጣ ይሆናል?» ሲሉ አባቷ ጠየቁ። ምሥራቅ ወደ አማርኛ ተመለሰች። መቼ ሥራ እንደጀመሩ የሚናገር፣ የትምህርት ቤቱ ማኅተም፣ የርዕሰ መምህሩ ፊርማና ቀን ያለበት ማንኛውም ወረቀት። ይህንን ጋሽ ገብረሚካኤል ባለፈው ወርም፣ ከዚያ በፊት ባለው ወርም ሰምተዋል። ርዕሰ መምህሩ አቶ ልዑልቃል ደግሞ በበኩላቸው «ፋይል ሳላይ ብጽፍ ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ፤ ጽሕፈት ቤቱ ፋይሉን አሳይቶኝ እጽፋለሁ» ብለዋቸዋል። ሁለቱም አስተያየታቸውን የሰጡት በትህትና ነው፤ ማንም አልተቆጣቸውም።

ከቢሮው ወጥተው አስፋልቱ ጋ እስኪደርሱ አባትና ልጅ አልተነጋገሩም። ቤትም ያው ነው። ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ነው የሚኖረው፤ ማታ ማታ ጋሽ ገብረሚካኤል «በላሽ?» ይላሉ፣ እሷ «በላሁ፣ አንተስ?» ትላለች፣ ከዚያ በኋላ የሚያወራው ሬዲዮኑ ነው። አንድ ነገር እንደሚፈልጉ ግን ታውቃለች። ማንኪራ በምትባለው የገጠር ቀበሌ ወንድማቸው ዘንድ የተሰቀሉ አሥራ አራት ቀፎዎች አሏቸው፤ ቀፎዎቹን ራሳቸው ሠርተው፣ ራሳቸው ዛፍ ላይ ወጥተው ሰቅለዋቸዋል፤ ማሩ ሲቆረጥ ግን አንድም ቀን ተገኝተው አያውቁም፤ ማር የሚቆረጥበት ወቅት የፈተና ወቅት ነው፣ በፈተና ወቅት ደግሞ ጥበቃ ፈቃድ የለውም። አሁን ጉልበታቸው ዛፍ መውጣት ባይችልም ከሥር ቆሞ ማዘዝ ይችላል። ባጃጅ ስታስቆምላቸው «ሠላሳ ብር ለዚች? በእግሬ እሄዳለሁ፤ የፈቀዱልኝ እስከ አራት ሰዓት ነው» ብለው ኮፍያቸውን አስተካክለው ሄዱ። ያልተቀጠሩበት ሥራ እንዳይረፍድባቸው ፈጠን ፈጠን እያሉ ነበር።

የሰላሐዲን ማተሚያ ቤት ገበያው አካባቢ ነው። ቀድሞ የማር መጋዘን ነበር፤ ሰላሐዲን ከገዛው ዘጠኝ ዓመት ቢሆነውም ለንቦቹ የነገራቸው የለም፣ እስከ አሁን እየመጡ የወረቀት ጥቅል ላይ ይዞራሉ። ግድግዳው ላይ የሠርግ ጥሪ፣ የማኅበር ደረሰኝ፣ የሙት ዓመት መታሰቢያና የአንድ ምግብ ቤት የዋጋ ዝርዝር ጎን ለጎን ተለጥፈዋል። የዋጋ ዝርዝሩ ላይ የጥብስ ዋጋ አራት ጊዜ በወረቀት ተሸፍኖ አምስተኛው ላይ ደርሷል። ሰላሐዲን አንድ ሕግ አለው፤ ከሱም ዝንፍ አይልም። የሚታተመው ነገር እያንዳንዱ ገጽ ናሙናው ወጥቶ፣ የባለቤቱ ማኅተም አርፎበት እስኪመለስ ድረስ ማሽኑን አያስነሳም። አንድ ማኅበር አራት መቶ መጽሔት አሳትሞ ሲያበቃ «የሊቀ መንበሩ ፎቶ ከምክትሉ ፎቶ ዝቅ ብሏል» ብሎ አልረከብም ካለው ወዲህ ነው። አራት መቶውን መጽሔት ለቆሎ ሻጮች ሰጠ። ከተማው አንድ ዓመት ሙሉ በምክትሉ ፊት ቆሎ በላ።

«መምህርት፣ ሠላሳ አንድ ገጽ ነው ያመጣሽልኝ» አለ ሰላሐዲን፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ። «መጽሔት በአራት በአራት ነው የሚሄደው። አንዱን ወረቀት ስታጥፊው አራት ገጽ ይወጣዋል። ሠላሳ ሁለት አድርጊልኝ።»

«የኬሚስትሪ ክበብ ስለ ሳሙና አሠራር እጽፋለሁ ብሎ ቀረ» አለች ህይወት። «ገጽ ሃያ ሰባት ባዶ ይሁንና ይታተም።»

«ባዶ ገጽ? እኔ ቤት? ወረቀት ያለቀበት ሳይሆን ወሬ ያለቀበት ይመስላል። ደግሞ ለርዕሰ መምህሩ ብትነግሪያቸው ፎቶ አያጡም።»

ርዕሰ መምህሩ ፎቶ እንደማያጡ ህይወትም ታውቃለች። እስካሁን መጽሔቱ ውስጥ ስድስት ቦታ አሉ። መልዕክት ሲያስተላልፉ፣ ችግኝ ሲተክሉ፣ የተተከለውን ሲጎበኙ፣ ፕላስቲኩ ያልተነሳለት ኮምፒውተር ላይ እጃቸውን አሳርፈው፣ ከዋንጫ ጋር፣ ያለ ዋንጫ። ቦርሳዋን ስትበረብር የመጽሔቱ ኮሚቴ የጣለውን ጽሑፍ አገኘች። የአሥረኛ ክፍሏ ኤሌኒ ከጋሽ ገብረሚካኤል ጋር ያደረገችው ቃለ መጠይቅ ነበር፣ ፎቷቸውም ተያይዞበታል፤ ኮሚቴው «የበር ነገር ለበዓሉ ደረጃ አይመጥንም» ብሎ ሳያነብ አውጥቶታል። ህይወትም አላነበበችውም ነበር፤ የአባቷ ጉዳይ ስለሆነ መከራከር አፍራለች። አሁን ቆማ አነበበችው። ኤሌኒ «ጋሼ፣ በሥራዎ ያዘኑበት ቀን አለ?» ብላ ጠይቃለች። መልሱም «በሰማንያ ዘጠኝ ልጄ የተወለደች ቀን በር ላይ ነበርኩ፤ የሚተካኝ ተረኛ ስላልነበረ አልሄድኩም። በማግስቱ ስሄድ ዓይኗን ገልጣ ነበር። ሲገለጥ አላየሁም» ይላል። ህይወት ወረቀቱን አገላበጠችው። ከኋላው ምንም የለም። ሃያ ስምንት ዓመት አንድ ቤት ሲኖሩ ይህንን ለእሷ አልነገሯትም፤ ለአሥረኛ ክፍል ተማሪ ግን ስለተጠየቁ ነገሩ።

«ይህንን አስገባው ጋሼ» አለች። ከዚያ ወረቀቱን ሳትለቅ፣ «ቆይ፣ መግቢያውን ልንገርህና ጻፈው» አለች። ሰላሐዲን እየደገመ ጻፈ። «ጋሽ ገብረሚካኤል ኢያሱ ከመስከረም 10 ቀን 1986 ዓ.ም. ጀምሮ በትምህርት ቤታችን በጥበቃ የሥራ መደብ ተቀጥረው እስከ አሁን ድረስ በማገልገል ላይ የሚገኙ ናቸው።» ከሥሩ የኤሌኒ የመጀመሪያ ጥያቄ መጣ፤ «ጋሼ፣ በልጅነትዎ ምን መሆን ይመኙ ነበር?»

«መግቢያሽ ደብዳቤ ደብዳቤ ይላል» አለ ሰላሐዲን።

«መግቢያ ነው።»

«አይ፣ ጥሩ ነው። ግጥሙም ሁሉ እንዲህ በቀን ቢጀምር ሰው ይገባዋል።»

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሠላሳ ሁለቱን ናሙና ይዛ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባች። አቶ ልዑልቃል ስለ ነገው በዓል ድንኳን በስልክ እየተነጋገሩ ነበር። ስልኩን በትከሻቸውና በጆሯቸው መሃል ወትፈው፣ መሳቢያውን በቁልፍ ከፍተው፣ ከካልሲ ውስጥ ማኅተሙን አወጡ። ካልሲው ንጹሕ ነው፤ ለማኅተሙ ብቻ የተመደበ ነው። ቀለሙ ስለደረቀ ጸሐፊዋን ጠርተው ውኃ አስጨመሩ፤ ውኃው በዛ ብለው ቀለም አስጨመሩ። ከዚያ ገጹን አንድ በአንድ መምታት ጀመሩ። የእሳቸው ፎቶ ያለበት ገጽ ላይ ሲደርሱ ቆም ይላሉ፣ ይመለከታሉ፣ ማኅተሙ ፊታቸውን እንዳይነካ ጥግ ፈልገው ይመታሉ። የእሳቸው ፎቶ የሌለበት ገጽ ላይ የሚያርፈው ማኅተም ግን ቦታ አይመርጥም፤ የሥነ ጽሑፍ ክበብ ሊቀ መንበር አፍንጫዋ መሃል ላይ ተመታች። ፊርማ የለም፣ ቀን የለም። ህይወት የጠበቀችው ይህንን አልነበረም። ምሥራቅ ማኅተም፣ ፊርማና ቀን ብላለች። «ይፈርሙልኝ» እንዳትል ለምን ይላሉ፤ ዝም እንዳትል ገጽ ሃያ አምስት ላይ ደርሰዋል። ሃያ ስድስት።

ገጽ ሃያ ሰባት ላይ አቶ ልዑልቃል ስልኩን «ያዝ፣ አንዴ ያዝ» ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ገጽ መሙያ ነው። ለአራት እንዲካፈል።»

ጽሑፉን አላዩትም። መሳቢያውን እንደገና ከፍተው ማስመሪያ አወጡና የጋሽ ገብረሚካኤልን ፎቶ በቁመትና በወርድ ለኩ፤ ከዚያ ወደ ገጽ ሦስት ተመልሰው የራሳቸውን ለኩ። ሰላሐዲን ቃለ መጠይቁ አጭር ሆኖበት ገጹን እንዲሞላለት ፎቶውን አሳድጎት ነበር። «የእኔ ስድስት በአምስት ነው። የእሳቸው ሰባት ተኩል በስድስት» አሉ አቶ ልዑልቃል። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም፤ አንድ የሚያሳስብ ነገር ያገኘ ሰው ድምፅ ነው። «ህይወት፣ አባትሽን አከብራለሁ። ግን ይሄ ነገ ዞን የሚሄድ መጽሔት ነው። አሠራር አለ።» እስክሪብቶ አንስተው በገጹ አናት ላይ «ፎቶው ይነስ» ብለው ጻፉ። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ደግሞ ያለ ፊርማ ዋጋ እንደሌለው ስለሚያውቁ ከሥሩ ፈረሙ፤ ፊርማ ያለ ቀን ስለማይቆም ቀን ጻፉበት፤ ማኅተሙንም ከሁሉ ገጽ አጥብቀው፣ ፊርማቸው ላይ አሳረፉት። ህይወት «እሺ፣ ያንሳል» አለች።

ስትወጣ የግቢውን በር የከፈቱላት አባቷ ናቸው። «ጸደቀ?» አሉ ወረቀቱን እያዩ። «ጸደቀ» አለች። «ደግ» አሉና በሩን መለሱት። ልትነግራቸው አፏን ከፍታ ነበር፤ ግን ባለፈው ወር «ዘንድሮስ ያልቃል» ብላ ተናግራ ወንድማቸው ድረስ ስልክ ተደውሎ ነበር፤ ስለዚህ ዘጋችው።

ሰላሐዲን ናሙናዎቹን ቆጥሮ፣ ማኅተማቸውን በብርሃን አይቶ፣ በስቶ፣ ጀርባው ላይ የትምህርት ቤቱ ስም በተጻፈ ቦክስ ፋይል ውስጥ አስገባቸውና ቆለፈ። ከኋላው መደርደሪያው እስከ ጣሪያ ድረስ በእንዲህ ዓይነት ፋይል ተሞልቷል። ህይወት ገጽ ሃያ ሰባትን ስጠኝ አለች። ፎቶ ኮፒ ውሰጂ አላት። ዋናውን ነው የምፈልገው አለች።

«ዋናውማ የእኔ ነው። ነገ ሰውየው መጥተው ፎቶ ይነስ አላልኩም ቢሉኝስ? ሁለት መቶ ቅጂ ይዤ ወዴት ልግባ?»

«አባቴ ጡረታ የሚወጣው በሱ ነው ጋሼ።» ነገሩን ከመጀመሪያው ነገረችው፤ አይሱዙውን፣ ዝናቡን፣ «ገ»ን። ሰላሐዲን አይሱዙው ላይ ሲደርስ አስቆማት።

«ያለ ሸራ?» አለ። ከሁሉም ያመመው ይሄ ነበር። «በሐምሌ? ወረቀት? እኔ እዚህ የሠርግ ጥሪ ናሙና አለኝ፣ ሙሽሮቹ ከተፋቱ ስድስት ዓመታቸው፣ ልጁ ሌላ አግብቷል፣ የሱንም ጥሪ እኔ ነኝ ያተምኩት። ሁለቱም አሉ። ጎን ለጎን።» ከዚያ ግን ራሱን ነቀነቀ። «ቢሆንም አይወጣም። ሠራተኛዋን አምጫት፤ እዚሁ ትየው።»

ህይወት ለምሥራቅ ደወለች። ምሥራቅ ፎቶ ኮፒ ከዋናው ጋር ሳይመሳከር ዋጋ እንደሌለው፣ ማመሳከር የሚቻለው በማኅተም እንደሆነ፣ የእሷ ማኅተም ደግሞ ከቢሮ እንደማይወጣ አስረዳች። «የዛሬ ዓመት አንዱ ይዞት ለቅሶ ሄደ ተብሎ ስንት ነገር ሆነ። አምጭው በያት… አምጪው በቃ» አለች። ግራ ሲገባት ከማን ጋ እንደምታወራ ይጠፋታል። እንግዲህ ገጹ ከማተሚያ ቤቱ አይወጣም፤ ማኅተሙ ከቢሮው አይወጣም፤ በመሃላቸው ያለው በባጃጅ ስምንት ደቂቃ ነው። ህይወት የወረቀት ጥቅል ላይ ተቀመጠች። ዓርብ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው፤ ቢሮው ዛሬ ከተዘጋ የሚከፈተው ሰኞ ነው፣ እስከዚያ ደግሞ ርዕሰ መምህሩ መጽሔቱን አንብበውታል። ማሽኑ ገጽ አራትን እያወጣ ነበር። ችግኝ የሚተክሉት አቶ ልዑልቃል አንድ በአንድ እየወጡ ተደረደሩ። ከዚያ መብራት ሄደ።

ሰላሐዲን በጨለማው ውስጥ ትንሽ ቆመ። የቆመ ማሽን ጠባቂ አይፈልግም። ቦክስ ፋይሉን ከመደርደሪያው አውርዶ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቀፈው። «እኔ አልሰጥሽም» አለ፤ «ግን እኔ መሄድ እችላለሁ። የትም ስሄድ ፋይሌ አብሮኝ ነው። ማተሚያ ቤት ማለት እኔ ነኝ።» በሩን በክርኑ ዘጋ። ባጃጁ ውስጥ ፋይሉ መሃል ተቀመጠ፣ እነሱ ግራና ቀኝ። ባለ ባጃጁ በመስታወቱ አይቶ «ምንድን ነው እሱ?» ሲል፣ ሰላሐዲን «አንተ መንገድህን እይ፣ ጉድጓዱ ላይ ቀስ በል» አለው።

ምሥራቅ ገጹን በመስኮቱ ቀዳዳ ልትወስድ እጇን ስትዘረጋ ሰላሐዲን አልለቀቀም። አንዱን ጫፍ እሷ፣ አንዱን ጫፍ እሱ ይዘው ተነበበ። ምሥራቅ እንደ ማንኛውም ደብዳቤ ከላይ ወደ ታች ፈተሸችው። ማኅተም አለ። ፊርማ አለ። ቀን አለ። «ፎቶው ይነስ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ይሄ ምን ማለት ነው?»

«መመሪያ ነው» አለ ሰላሐዲን።

«ቅጥሩን አይመለከትም?»

«ፎቶውን ብቻ ነው።»

«እሺ። የወጪ ቁጥር የለውም ግን።» ህይወት ጣቷን ሰድዳ ከታች ያለውን አሳየቻት። ምሥራቅ መዝገቧ ላይ «ቁጥር 27» ብላ ጻፈች። «ለማን ነው የተጻፈው? አድራሻ ያስፈልጋል።»

«ለአንባቢያን» አለች ህይወት።

ምሥራቅ አሰበች። «እኔም አንባቢ ነኝ» አለች መጨረሻ ላይ። ከዚያ ግን ቃለ መጠይቁን ማንበብ ቀጠለች፤ ለሥራው አያስፈልግም ነበር፤ ዓይን ስለ መግለጥ የሚለው ጋ ስትደርስ ለህይወት አንድ ነገር በካፊኖኖ አለቻት። ሰላሐዲን አልገባውም፤ ገጹን ግን አልለቀቀም። ሰላሐዲን ቀደም ሲል ባነሳው ፎቶ ኮፒ ላይ ምሥራቅ «ከዋናው ጋር ተመሳክሯል» የሚለውን ማኅተም መታች፣ አዲስ ፋይል ከፈተች፣ በክዳኑ ላይ ስማቸውን ጻፈች። ጋሽ ገብረሚካኤል ከመስከረም 10 ቀን 1986 ዓ.ም. ጀምሮ ተቀጠሩ። ጊዜው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር።

«አሁን ጡረታው» አለች ምሥራቅ የቀበሌ መታወቂያቸውን ቅጂ ስባ። «ልደት ሃምሳ አራት። ስልሳ ዓመት የሚሞላቸው…» በጣቷ ቆጠረች፣ ከዚያ በስልኳ ቆጠረች። ከዚያ መስኮቱን ትንሽ ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው። «ህይወት፣ አባትሽ ከሦስት ዓመት በፊት ጡረታ ወጥተዋል።»

«ጠዋት አልተቀጠሩም ብለሽ ነበር።»

«ጠዋት ፋይል አልነበራቸውም። አሁን አላቸው። ፋይሉ የሚለው ይሄንን ነው። የሦስቱን ዓመት ነገር አንቺ አታንሺብኝ፣ እኔም አላነሳም። ደብዳቤው ሰኞ ይደርሳል፤ ግን እባክሽ ዛሬውኑ ከበሩ አንሺያቸው። ጡረተኛ ሰው ሥራ ቦታ ቆሞ ቢገኝ እኔ ነኝ የምጠየቀው።»

ሰላሐዲን መብራቱ መምጣቱን በስልክ ሰምቶ ፋይሉን አቅፎ በሌላ ባጃጅ ተመለሰ። ህይወት በእግሯ ሄደች። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጋሽ ገብረሚካኤል ዱካ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ሲያዩዋት ተነሱ፣ ለልጃቸው ሳይሆን ለመምህርት እንደሚነሱት። በአንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው። ተቀጥረዋል፤ ጡረታም ወጥተዋል፤ የወጡት ግን ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ጋሽ ገብረሚካኤል ወደ በሩ ዞር ብለው አዩት፤ ከላይ እስከ ታች፣ አንድ ሰው ሌሊቱን ሲነካካው እንዳደረ ያህል።

«ታዲያ ይሄን ሦስት ዓመት ማን ነው የጠበቀው?» አሉ።

በዚህ መሃል ድንኳንና ወንበር የጫነ መኪና ከውጭ መጥቶ ጥሩንባውን ነፋ። አቶ ልዑልቃል ከቢሯቸው በረንዳ ላይ ብቅ ብለው «ጋሽ ገብረሚካኤል! በር! በር ይክፈቱ እንጂ!» ሲሉ ተጣሩ። የጋሽ ገብረሚካኤል እጅ በልማድ ወደ መቀርቀሪያው ሄዶ መሃል ላይ ቆመ። የቁልፍ ዘለላውን ከቀበቷቸው ፈትተው ለህይወት አቀበሏት።

«ሂጂ ንገሪያቸው» አሉ። «ከሄደ ሦስት ዓመት ሆኖታል በያቸው።»

በትንሿ በር ወጥተው መኪናውን በግራ በኩል አልፈው አስፋልቱን ተሻገሩ። የማንኪራ መንገደኛ የሚጭን ባጃጅ ከማዶ ቆሞ ነበር፤ ሹፌሩ ስንት እንዳላቸው ህይወት አልሰማችም፣ አባቷ ግን ሳይከራከሩ ገቡ። ጥሩንባው እንደገና ጮኸ። በረንዳው ላይ አቶ ልዑልቃል «የት ሄዱ እኚህ ሰውዬ? አሁን እኮ እዚህ ነበሩ!» ይላሉ። ህይወት ከአራቱ ቁልፍ የትኛው እንደሆነ ስለማታውቅ አንድ በአንድ መሞከር ጀመረች።